ቀለሙ ለማን ፊት ተበጠበጠ? የፊት መደብ ቀለም ታሪክ

አንድ ተዋናይ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከመስታወት ፊት ተቀምጦ የሚያከናውነው ሥራ ብዙ ነው። ቅንድቡ ሲጠቁር፣ ከንፈሩ ሲቀላ፣ ያለዕድሜው ሽበት ሲወጣበት ተመልካቹ ያያል፤ ማየትም ይገባዋል። ከዚህ ሁሉ በታች የተቀባውን፣ ፊቱን አንድ ወጥ አድርጎ ለመብራቱ የሚያዘጋጀውን መደብ ቀለም ግን ተመልካቹ ካየው ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው። በገበያ «ፋውንዴሽን» እየተባለ የሚሸጠው መዋቢያ ከዚሁ ከመድረክ ቀለም የተወለደ በመሆኑ መለኪያውም ያው ነው፤ ጥሩ የሚባለው ከባለቤቱ ቆዳ ጋር ተዋሕዶ የጠፋው ነው። ቀለሙ እንዲጠፋ ደግሞ ቀማሚው አስቀድሞ የዚያን ቆዳ መልክ ማየትና ማሰብ ነበረበት። ስለዚህም በመደብ ቀለም ታሪክ ውስጥ ቀማሚው ማንን ያይ እንደነበረና ማንን ሳያይ እንደቀረ ተመዝግቦ ይገኛል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ መሳፍንትና መኳንንት ዘንድ የተወደደው የፊት ቀለም፣ እርሳስ የተባለው ማዕድን በኮምጣጤ እንፋሎት ተበልቶ የሚሰጠው ነጭ ዱቄት ነበር። ዱቄቱ ቆዳን ያቆስል፣ ውሎ አድሮም ደምን ይመርዝ ነበር፤ የቆሰለውን ቦታ ለመሸፈንም ሌላ ድርብ ይቀባበት ነበር። በዚያን ጊዜ ቀለሙ ከተቀቢው መልክ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚል ጥያቄ አልተነሣም። በፀሐይ የጠቆረ ፊት የአራሽና የአጫጅ ፊት ነበረና ዓላማው ባለቤቱ በሜዳ የማይውል፣ በጥላ ሥር የሚኖር ሰው መሆኑን ማሳወቅ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የዚንክ ዱቄት በመርዘኛው እርሳስ ቦታ ሲገባ ጉዳቱ ቀነሰ፤ ነጭነቱ ግን በነበረበት ቀጠለ።

የመደብ ቀለምን አዲስ መንገድ ያስያዘው መብራት ነው። በሻማ ጭላንጭል ሲታይ የኖረው መድረክ መጀመሪያ በጋዝ፣ ቀጥሎም በኤሌክትሪክ ሲበራ (የለንደኑ ሳቮይ ቴአትር በ1881 ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በርቷል) በደረቅ ዱቄት የተነፋ ፊት ከሙቀቱ ላብ ጋር መርገፉ፣ ስንጥቁም ከሩቅ መታየቱ የማይቀር ሆነ። ለዚህ መፍትሔ በመሻት በርከት ያሉ የጀርመን ተዋንያን ዱቄትን ከስብ ጋር ይለውሱ ነበር። ይህን የጓዳ ሙያ ወደ ፋብሪካ ያሸጋገረው ሉድቪግ ላይህነር የተባለ የኦፔራ ዘፋኝ ሲሆን፣ በ1873 በርሊን ላይ ባቋቋመው ድርጅት እንደ ጠመኔ በእንጨት ቅርጽ የተሠራ ቅባት ቀለም ለገበያ አቀረበ። እያንዳንዱ መልክ ቁጥር ነበረው። በእንግሊዝ አገር ተዋንያን ዘንድ ለረዥም ዘመን «አምስትና ዘጠኝ» የሚለው አነጋገር ራሱን የቻለ የሙያ ቃል ነበር፤ 5 ቁጥር የዝሆን ጥርስ የመሰለ ፈዛዛ፣ 9 ቁጥር የሸክላ ጡብ የመሰለ ቀይ ነበሩና ሁለቱን በመዳፍ ላይ ያዋሐደ ተዋናይ ጤናማ የተባለውን ፊት ያገኝ ነበር። ቁጥር ስም የለሽ ስለሆነ ወገን የለሽ ይመስላል። ነገር ግን ጤናማ የተባለው የአውሮፓዊ ፊት ነው። በዘመኑ የመድረክ ቅብ መማሪያ መጻሕፍት ጠቆር ያለ ፊት የሚነሣው ነጭ ተዋናይ ኦቴሎን ወይም ሕንዳዊን ወይም አንድ አገልጋይን ለመምሰል ሲፈልግ ነበር። ጥቁር ሰው ራሱ ከመስታወቱ ፊት ሊቀመጥ እንደሚችል አልታሰበም።

ሆኖም ተቀምጦ ነበር። ላይህነር ድርጅቱን ከማቋቋሙ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በ1807 በኒውዮርክ የተወለደው ጥቁሩ አሜሪካዊ አይራ አልድሪጅ በትውልድ አገሩ ሊያገኘው ያልቻለውን መድረክ በአውሮፓ አግኝቶ፣ ኦቴሎን ብቻ ሳይሆን ንጉሥ ሊርንና ሻይሎክንም ይጫወት ነበር። ለእነዚህ ሚናዎች ፊቱን በነጭ ቀለም ይቀባ፣ ሰው ሠራሽ ጠጉርና ጢም ያደርግ ነበር። በአንጻሩ በዚያው ዘመን በአሜሪካ እጅግ የተስፋፋው ትርዒት ነጮች የተቃጠለ ቡሽ በውኃ በጥብጠው ፊታቸውን በማጥቆር ጥቁሩን ሕዝብ የሚያላግጡበት ነበር። ይህ ልማድ ሥር ከመስደዱ የተነሣ ጥቁር ተዋንያንም ሳይቀሩ ቡሹን እንዲቀቡ ይገደዱ ነበር። በ1922 የሞተው ታላቁ ቀልደኛ በርት ዊልያምስ መልኩ ቀላ ያለ ሰው ነበር፤ ተመልካቹ «ጥቁር» ብሎ የሚያውቀው ግን የቡሹን ጥቁረት ስለነበረ የገዛ ቆዳውን ደብቆ በሌላ ጥቁረት ይወጣ ነበር። ከዚህ የመረረ የመደብ ቀለም ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

አልድሪጅ በ1867 ለሥራ በሄደበት በፖላንድ ከተማ በሎድዝ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው አካባቢ ከድኃ የአይሁድ ቤተሰብ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ይህም ማክስ ፋክተር በሚባል ስም በዓለም የታወቀው ሰው ነው። በልጅነቱ ሰው ሠራሽ ጠጉር መሥራትና ፊት መቀባት ተምሮ በሩስያ ንጉሣዊ ኦፔራ አገለገለ፤ በ1904 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ብዙም ሳይቆይ ሎስ አንጀለስ ገባ። ሲኒማ ገና ድክ ድክ የሚልበት ጊዜ ነበር። ከመድረክ የመጡት ተዋንያን ቅባት ቀለማቸውን እንደለመዱት አወፍረው ሲቀቡ ከሩቅ የማይታየው ስንጥቅ በካሜራ ፊት እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ይታይ ጀመር። ፋክተር በ1914 ያወጣው ቀለም በስሱ የሚቀባ፣ ከፊት እንቅስቃሴ ጋር የሚተጣጠፍ ክሬም ሲሆን 12 መልኮች ነበሩት።

ይሁን እንጂ ችግሩ ከቀለሙ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ፊልሙም የራሱ ዓይን ነበረው። የዘመኑ ፊልም ሰማያዊንና አረንጓዴን ሲያይ ለቀይ ግን ዕውር ነበር። ቀይ ከንፈር ጥቁር ሆኖ፣ ሰማያዊ ዓይን ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር። የሰው ቆዳ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ከሌላው ይልቅ ቀዩን ብርሃን አብዝቶ የሚመልስ በመሆኑ ፊት ሁሉ ከእውነተኛው ይልቅ ይጠቁር ነበር፤ የጠየመ ፊትማ ከነአገላለጹ ይዋጥ ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ የሚያጉረመርመው የካርቦን መብራት በፀጥተኛው የአምፖል መብራት ተተካ፤ ቀለማትን ሁሉ የሚያይ ፊልምም ተስፋፋ። በ1928 በሆሊውድ በተደረገው የመብራትና የፊልም ሙከራ ላይ ፋክተር ተካፍሎ ለአዲሱ ፊልም የሚስማማ ቀለም አዘጋጀ። ቀጥሎ ባለቀለሙ ፊልም መጣና ሌላ ጣጣ አመጣ፤ የሚያብረቀርቅ ቅባት ቀለም የጎረቤቱን መልክ እየወሰደ፣ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ተዋናይት አገጭ ይቀላ ነበር። ለዚህ መልስ ሆኖ በ1937 በፊልም ላይ የታየው በስፖንጅና በውኃ የሚቀባው ደረቅ ቂጣ መሰል ቀለም «ፓን ኬክ» የተባለው ነው። ተዋናይቶቹ ከሥራ ቦታ ወደ ቤታቸው ይዘውት መሄዳቸው ተደጋግሞ ይነገራል። በ1938፣ ፋክተር በሞተበት ዓመት፣ ለሕዝብ ሽያጭ ቀረበ፤ ለስቱዲዮ መብራት የተቀመሙት መልኮች ለቀን ብርሃን ስለሚከብዱም ለገበያው ፈዘዝ ተደርገው ተዘጋጁ። የዘመናዊው ፋውንዴሽን መነሻ ይኸው ነው። እንግዲህ ልብ መባል ያለበት፣ ከመድረክ ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ሱቅ መደርደሪያ በተደረገው በዚህ ሁሉ ጉዞ ቀማሚዎቹ ለብርሃን፣ ለላብና ለፊልም ባሕርይ እጅግ የረቀቀ ጥንቃቄ ማድረጋቸውና ከአንድ ወገን ቆዳ ውጪ ያለውን ግን ጨርሶ አለማሰባቸው ነው።

ጥቁር ሴት ከካሜራው ፊት ስትቆም የሆነው በሊና ሆርን ታሪክ ይታያል። ይህች ዘፋኝና ተዋናይት በ1942 ከሜትሮ ጎልድዊን ማየር ኩባንያ ጋር ውል ስትፈራረም፣ መልኳ ለኩባንያው ሰዎች እንቆቅልሽ ሆነባቸው፤ ጥቁር ናት እንዳይሉ ቀላ ትላለች፣ ነጭ ናት እንዳይሉ አልፈቀደችላቸውም። እርሷ ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ ለእርሷ ተብሎ የተቀመመ ልዩ መደብ ቀለም ተዘጋጀላት፤ ስሙም «ፈዘዝ ያለ ግብፃዊ» ተባለ። የኒውዮርክ ብሩክሊን ልጅ በገዛ አገሯ ስም የሚጠራ ቀለም አላገኘችም። የምትዘፍንባቸው ትዕይንቶች ከታሪኩ ጋር ሳይያያዙ ይቀረጹ ነበር፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ ሲኒማ ቤቶች ሲያሻቸው በመቀስ ቆርጠው እንዲያወጡላቸው ነው። በ1951 «ሾው ቦት» የተባለው ሙዚቃዊ ፊልም ሲሠራ ጁሊ የምትባለው ቅልቅል ደም ያላት ሴት ሚና ለሊና ሆርን የተፈጠረ ይመስል ነበር፤ በ1946 በሌላ ፊልም ውስጥ የዚህችኑ ሴት ክፍል አጭር አድርጋ ተጫውታም ነበር። ሚናው ለነጯ ለአቫ ጋርድነር ተሰጠ። ሊና ሆርን እንደምትለው ያንኑ «ፈዘዝ ያለ ግብፃዊ» ቀለም አቫ ጋርድነርን ቀቧት። ቀለሙ ተወስዶ ባለቤቲቱ የቀረችበት ጊዜ ነበር።

ይህ ሲሆን ጥቁሩ የአሜሪካ ሕዝብ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። በባርነት ዘመን ማብቂያ ላይ በሉዊዚያና የተወለደው አንተኒ ኦቨርተን በ1898 በካንሳስ ሲቲ የጀመረውንና በ1911 ወደ ቺካጎ ያዛወረውን ድርጅት ያሳወቀው «ሃይ ብራውን» የተባለ የፊት ዱቄት ነው። ዱቄት በነጭና በሮዝ ብቻ በሚሸጥበት ዘመን «ቡናማ» የሚል ቃል በቆርቆሮው ላይ በክብር መጻፉ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ የተነሡት ግን የነጮቹ መደብሮች በር ስለተዘጋባቸው በቤት ለቤት ሽያጭና በፖስታ ተወስነው ቆዩ። በ1965 ፍሎሪ ሮበርትስ የተባለች ነጭ ሴት ለጥቁር ሴቶች የተዘጋጀ መዋቢያ በትላልቅ መደብሮች ውስጥ አስገባች። ቀጥሎ የመጣው ግን የበለጠ ክብደት አለው። «ኢቦኒ» የተባለውን መጽሔት የሚያሳትመው ድርጅት ባለቤቶች ጆንና ዩኒስ ጆንሰን ከ1958 ጀምሮ ከከተማ ከተማ የሚዞር የልብስ ትርዒት ነበራቸው። ዩኒስ ጆንሰን ከመድረኩ ጀርባ ያየችው ነገር፣ ጥቁሮቹ ሞዴሎች ከየሱቁ የገዙትን ሁለትና ሦስት ዓይነት ፋውንዴሽን በእጃቸው እየቀላቀሉ የየራሳቸውን መልክ ሲፈልጉ ነበር። የታወቁ ኩባንያዎች መልካቸውን እንዲያበዙ ብትጠይቅ አልተቀበሏትም። በ1973 «ፋሽን ፌር» የተባለው የጥቁር ሴቶች መዋቢያ የተቋቋመው ከዚህ በኋላ ነው። እናት ድርጅቱ በ2019 ሲከስር ስሙ በሁለት ጥቁር ሴት ነጋዴዎች ተገዝቶ በ2021 እንደገና ወደ ገበያ ተመልሷል።

እነዚያ ሞዴሎች ሲያዋሕዱት የነበረው ነገር ምን እንደሆነ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። የፋውንዴሽን ቀለም በመሠረቱ ከአራት ዱቄቶች ይወጣል፤ ከነጩ ከቲታኒየም ዱቄትና ከሦስት የብረት ዝገት ዓይነቶች፣ ማለትም ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር። ነጩ ዱቄት እንከንን የመሸፈን ኃይል ስላለው ለፈዛዛ ቆዳ በሚሠራው ቅመም ውስጥ ዋነኛው እርሱ ነው። ቀማሚው ይህንኑ ቅመም ይዞ ጥቂት ጥቁር ጣል በማድረግ «ለጠይም» ነው ሲል፣ ነጩ ከጥቁሩ ጋር ተደባልቆ ግራጫ ይሆናል፤ በጠየመ ፊት ላይ ሲቀባም ባለቤቲቱ አመድ የተነሰነሰባት ትመስላለች። መድኃኒቱ ነጩን መቀነስ፣ ቀዩንና ቢጫውን ማብዛት ነው፤ ለብዙ ጊዜ ያልተደረገውም ይህ ቀላል ነገር ነው። ቆዳን የሚያጠይመው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቡናማና ቀይማ ሁለት ወገን አለው፤ ከሥሩ ደግሞ የደም ቅላት አለ። በመሆኑም በጥቁረት ደረጃቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ወደ ወርቃማ፣ ሌላው ወደ ቀይ ወይም ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል። መልክ የሚመረጠው በእነዚህ በሁለቱ፣ በጥልቀቱና በማድላቱ፣ ነው።

በዚህ ነገር አማርኛ ከፋብሪካዎቹ ቀድሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥቁር፣ ጠይም፣ ብስል ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ እየተባለ ሲነገር አድማጩ ጥልቀቱንም ማድላቱንም በአንድ ቃል ይረዳል። «ብስል» የሚለው ቃል ቅላት ከጥይምና ጋር መዋሐዱን ያመለክታል፤ «ዳማ» ከፈረስ መልክ የተወሰደ ነው። ጥንታዊው መኳኳልም ኩሉ ለዓይን፣ እንሶስላው ለእጅና ለእግር፣ ቅቤው ለጠጉር ሲሆን ፊትን ወደ ሌላ መልክ የሚቀይር አልነበረበትም። እርግጥ ነው፣ ይኸው ቋንቋ «ቀይ» የሚለውን ከምስጋና ጋር፣ «ጥቁር» የሚለውን አንዳንዴ ከሐዘኔታ ጋር መናገሩ አይካድም። የቆዳ ማንጫ ሳሙናና ክሬም በአፍሪካ ከተሞች ገበያ ያገኘው እንዲህ ባለው ሚዛን ላይ ተቀምጦ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ የተገኘው ሜርኩሪ ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ሲሆን፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ከነበረው የነጭ እርሳስ ቀለም የሚለየው በማሸጊያው ብቻ ነው።

ፎቶግራፍም በዚሁ ነገር ውስጥ ድርሻ አለው። ኮዳክ የተባለው ኩባንያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ሸርሊ በተባለች ሠራተኛው ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች። የማጠቢያ ሠራተኛው የእርሷ ፊት ሲያምር ቀለሙ ልክ ነው ይላል፤ አጠገቧ ጥቁር ሰው ቢቆም ዓይንና ጥርሱ ብቻ ቢቀር የካርዱ ጉዳይ አይደለም። በ1980ዎቹ ፊልሙ ጥቁሮችንና ቡናማዎችን አጥርቶ እንዲለይ ሲሻሻል፣ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ የእንጨት ዕቃና የቸኮላታ ማስታወቂያ የሚያሠሩ ነጋዴዎች አቤቱታ እንደነበረ ከኩባንያው ሰዎች ተነግሯል። የልዩ ልዩ መልክ ሴቶች አንድ ላይ የታዩበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ቸኮላታው ከሰው ፊት ቀድሞ ጉዳዩን ማስፈጸሙ የሚያስገርም ነው።

በ1994 በትውልዷ ሶማሊያዊት የሆነችው ሞዴል ኢማን በስሟ የሚጠራ መዋቢያ አቋቋመች፤ እርሷም ብትሆን በሞዴልነት ዘመኗ የራሷን ፋውንዴሽን እያቀላቀለች ትይዝ የነበረች ናት። በ2003 ኢትዮጵያዊቷ ሊያ ከበደ ለኤስቴ ሎደር ኩባንያ ማስታወቂያ ስትመረጥ በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ ኩባንያው የተመሠረተው በ1946 መሆኑን ላስታወሰ ሰው ጊዜው ረዥም ነው። በመስከረም 2017 የባርባዶሷ ዘፋኝ ሪሃና «ፌንቲ ቢዩቲ» የተባለውን ምርት በ40 መልኮች አቀረበች። በሱቆቹ ውስጥ ፈጥነው ካለቁት መካከል እጅግ ጠቆር ያሉት መገኘታቸው፣ ገዢ የለም ይባል የነበረው ነገር ሐሰት መሆኑን በገበያው ቋንቋ አስረዳ። ሌሎቹም ኩባንያዎች መልካቸውን ወደ 40 ለማድረስ ተሽቀዳደሙ። ይሁንና ቁጥር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ 40 መልክ ኖሮት 30ው ለፈዛዛ ቆዳ የተከፋፈለ፣ ለጠየመው ግን እርስ በርሱ የተራራቀ ጥቂት የተተወለት ምርት ሊኖር ይችላል።

በመልበሻ ክፍል ውስጥ ያለው የቀቢው ሙያ ከዚህ ሁሉ በኋላም እጅን ይጠይቃል። ለመልክ ምርጫ የእጅ ጀርባና የእጅ አንጓ ያሳስታሉ፤ የሚታየው በመንጋጋ መስመር ላይ፣ ፊትና አንገት በሚገናኙበት፣ ከመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ነው። ብዙው ፋውንዴሽን ሲደርቅና ከቆዳ ወዝ ጋር ሲገናኝ ስለሚጠቁር ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለመድረክ ሲሆን ግን ፈራጁ መስኮቱ መሆኑ ይቀርና ፋኖሱ ይሆናል፤ በአረንጓዴ ብርሃን ሥር የጉንጭ ቅላት ወደ ጥቁር ነጠብጣብ ይለወጣል፣ በሰማያዊ ብርሃን የብስል ቀይ ፊት ይደበዝዛል፣ በወርቃማው ግን ጠይሙ ሁሉ ይፈካል። ልምድ ያለው ቀቢ ስለዚህ ተዋናዩን ቀብቶ ወደ መድረኩ ይልከውና ራሱ ወርዶ በተመልካች ወንበር መካከል ይቀመጣል፤ መብራቶቹ በየተራ ሲለዋወጡ ያያል፤ ተመልሶም ከሁለት ጠርሙስ ጥቂት ጥቂት በመዳፉ ላይ ያወጣና በጣቱ ማዋሐድ ይጀምራል።